የማይክሮስኮፑ መቶው ሌንስ (መቶ ጊዜ የሚያጎላው) ዘይት አድርጌበትም ይደበዝዛል፣ ምን ላድርግ?

የቆቦዋ ላብራቶሪስት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቆቦ አካባቢ አንድ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ነው የምሰራው። የወባ ወቅት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ብለድ ፊልም (ስላይድ በሚባለው መስታወት ላይ የተቀባ ደም) ላይ ነን። በአስሩ ሌንስ ፊልዱን (በሌንሱ የሚታየውን ክብ ቦታ) አገኘዋለሁ። ዘይት ጠብ አድርጌ መቶውን ሳዞርበት ግን ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፣ ነጭ የደም ሴሉ ይታያል፣ የፓራሳይቱ ክሮማቲን (ቀለም የያዘው ነጥቡ) ግን ጥርት አይልም። ሰሞኑን አርባውም መደብዘዝ ጀመረ። ዘይቱ ሊያልቅብን ሲል አዲስ መጣና እዚያው አሮጌው ጠርሙስ ላይ ጨመርንበት። ሌንሱ ተበላሽቶ ይሆን? ዛሬ አንድ ትኩሳት የሚያንቀጠቅጠው ልጅ ስላይድ ላይ ሶስት ጊዜ ተመላለስኩ። ኔጌቲቭ ብዬ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ነገ ጠዋት ይዛው እንድትመለስ ለእናቱ ነገርኳት።

ከደሴ፦
አብሽሪ እህቴ፣ ሌንስ በቀላሉ አይሞትም። ደግም አድርገሻል፣ ሳይጠራልሽ ኔጌቲቭ አለመጻፍሽ።
አርባው ደረቅ ሌንስ ነው። ዘይት ካደረግሽ በኋላ «እስቲ ሰፋ አድርጌ ልየው» ብለሽ ወደ አርባ ከመለስሽው ጫፉ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ዘይቱም እዚያው ይደርቅበታል። በደረቅ ሌንስ ፔፐር (የሌንስ መጥረጊያ ወረቀት) ምጠጪው፣ ከዚያ ሌላ ሌንስ ፔፐር በዛይሊን (ዘይት የሚያሟሟ ፈሳሽ) ትንሽ አርጥበሽ አንዴ ጥረጊው፣ ወዲያው በደረቁ ድገሚው። ዛይሊን ከበዛ ሌንሱን የያዘውን ማጣበቂያ ያላላል። የጋዋን ጫፍማ በፍጹም፣ ይቧጭረዋል።
አሁን ወደ መቶው። ብርሃን ከስላይዱ መስታወት ወጥቶ አየር ሲያገኝ ይታጠፋል፣ ብዙው ከሌንሱ ውጭ ይቀራል። ብርሃን የማጠፍ መጠኑ ለመስታወት 1.52 ገደማ፣ ለአየር 1፣ ለዘይቱ ደግሞ 1.515 ነው፣ ስለዚህ ዘይቱ መሃል ሲገባ ብርሃኑ ከመስታወት የወጣ ያህል እንኳ አይሰማውም፣ ቀጥ ብሎ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ሌንስሽ ላይ 1.25 የሚል ቁጥር አለ አይደል? ብርሃን የመሰብሰብ አቅሙ ነው፣ በአየር ከ1 ማለፍ አይችልም። ግን ይሄ ሁሉ የሚሆነው ከታች በቂ ብርሃን ሲመጣ ነው። ኮንደንሰሩን (ከስላይዱ ስር ብርሃን የሚሰበስበውን) እስከ ላይ አውጪው፣ አይሪሱን (የብርሃን መክፈቻ መዝጊያውን) ክፈቺው። ለአስር ብለን ዝቅ አድርገነው እዚያው የምንረሳ ብዙ ነን። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. በ1882 የቲቢን ባክቴሪያ ለዓለም ሲያሳውቅ በእጁ የነበሩት የዘይት ሌንስና አቤ የተባለ ሳይንቲስት የነደፈው ኮንደንሰር ናቸው፣ ሁለቱም አንድ ላይ።

ከከሚሴ፦
ጋሼ የደሴው ሁሉንም ብለውታል፣ እኔ ዘይቱ ላይ ልጨምር። የተለያየ ዓይነት ዘይት ሲደባለቅ ይደፈርሳል፣ እኛም ደርሶብናል። ያንን ጠርሙስ ተዪው፣ አዲሱን ለብቻው ክፈቺ። የአየር አረፋም አለ። አይፒሱን (በዓይን የምናይበትን ሌንስ) አውጥተሽ በቱቦው ቁልቁል እይ፣ ክብ ጥቁር ነገር ካየሽ አረፋ ነው፣ ሌንሱንም ስላይዱንም ጠርገሽ አዲስ ጠብታ አድርጊ። ስላይዱ ተገልብጦ ከሆነ ደግሞ በአስር ይታይሻል፣ በመቶ ግን ፎከስ አይሆንም፣ መቶው ከስላይዱ ጋር ያለው ክፍተት ከፀጉር ብዙም አይሰፋም። ያን ጊዜ ኮርሱን (ትልቁን የፎከስ ማዞሪያ) አትንኪ፣ ስላይድ ትሰብሪያለሽ፣ ሌንሱም ይጫራል።
ቲክ ፊልሙ (ወፈር ተደርጎ የተቀባው ደም) በደንብ ሳይደርቅ ዘይት አታድርጊበት። ኔጌቲቭ ከማለትሽ በፊትም ቢያንስ 100 ፊልድ እይ፣ ወረፋው ቢበዛም።

የቆቦዋ ላብራቶሪስት፦
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ኮንደንሰሩ ግማሽ ወርዶ ነበር! መቼ እንደወረደ ማንም አያውቅም። አርባውን ስጠርገው ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ወጣ። አዲስ ጠርሙስ ከፈትን፣ የድሮውን ጣልነው፣ ማይክሮስኮፑ ላይም «ከዘይት በኋላ አርባ የለም» ብዬ ወረቀት ለጠፍኩ፣ ተለማማጆቹም ስለሚያዩበት።
የልጁን የትናንት ስላይድ ጠርጌ መጀመሪያ እሱን ነው ያየሁት። የፋልሲፓረም (የከባዱ ወባ ፓራሳይት) ሪንጎች አሉበት፣ ሁለት ነጥብ ያላቸውም አሉ፣ እንደ ቀለበት ጥርት ብለው። እናቱ በሁለት ሰዓት ይዛው መጣች። ዛሬ የወሰድኩት ደምም ያው ነው። ቆጥሬ ጽፌ ለሐኪሙ ሰጠሁት፣ መድኃኒቱን ጀምሯል።