ለወረዳ መርማሪዎች የታሰበው የፎቶግራፍ ሥልጠና፦ በረቂቅ ዕቅዱ ላይ የአባላት ውይይት

ሰብሳቢዋ፦

የተከበራችሁ የሁለቱ ማኅበራት አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ስብሰባ የተነጋገርንበት ረቂቅ ይኸው። እኛ ፎቶ አንሺዎችና የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር በጋራ ለፖሊስ ኮሚሽኑ የምናቀርበው ነው። ዓላማው የወረዳ መርማሪዎች በወንጀል ስፍራ የሚያገኙትን ማስረጃ ፍርድ ቤት ሊቀበለው በሚችል መልኩ ፎቶ እንዲያነሡ ማሠልጠን ነው። አምስት ቀን፣ ሃያ ሠልጣኝ። በረቂቁ መሠረት ከበጀቱ ሁለት ሦስተኛው ካሜራ ለመግዛት ተይዟል። አስተያየታችሁን እስከ ዓርብ ማታ እጠብቃለሁ። እባካችሁ «ጥሩ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ የጎደለውን ጻፉልኝ።

ጡረታ የወጡት ኢንስፔክተር፦

ሰብሳቢያችን፣ ለድካምሽ እግዚአብሔር ይስጥልን። በበጀቱ ግን አልስማማም። በምርመራ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ የጎደለኝ ካሜራ ሳይሆን ብርሃን ነበር።

አንድ ጉዳይ ላንሣ። የእህል መጋዘን ተሰብሮ ሌሊት ደረስን። ደጃፉ ላይ በእርጥብ አፈር የታተመ የጫማ ዱካ ነበር። ተረከዙ ላይ የነበረውን ጭረት በባትሪዬ አይቼዋለሁ። ባልደረባዬ ቆሞ፣ ካሜራው ላይ በተገጠመው ፍላሽ ከላይ አነሣው። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ አፈሩ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ልሙጥ ሆኖ ወጣ። ጭረቱም የለም፣ የሶሉ መስመርም የለም። ዱካውን በማግስቱ ዝናብ አጠበው። ተጠርጣሪው አራት ወር ታስሮ በነጻ ተለቀቀ። ሰርቆ ከነበረ እህሉ የተወሰደባቸው ገበሬዎች ፍትሕ አላገኙም፤ ካልሰረቀ ደግሞ ያ ሰው አራት ወር የታሰረው በከንቱ ነው። አንድ በደንብ የተነሣ ፎቶ በሦስተኛው ቀን ይለየው ነበር።

ካሜራው ላይ የተገጠመ ፍላሽ ሌንሱ በሚያይበት አቅጣጫ ስለሚያበራ ጥላ አይተውም። ጥላ ከሌለ ደግሞ ጉድጓዱ ከጉብታው አይለይም። ረቂቁ መጀመር ያለበት ከዚህ ይመስለኛል።

ፎቶ አንሺው፣ ከአዋሽ፦

ኢንስፔክተር የተናገሩትን የእኛ አካባቢ አርብቶ አደሮች ከልጅነታቸው ያውቁታል። ግመል የጠፋበት ሰው ዱካ የሚፈልገው ማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አሸዋው ሁሉ አንድ መልክ ይይዛል።

ትናንት ማታ መብራት ሲጠፋ ግቢዬ ውስጥ ሞከርሁት። ከውኃ በርሜሉ ሥር ባለው እርጥብ አፈር ላይ በአሮጌ ጫማዬ ረገጥሁና ካሜራውን በትራይፖድ፣ ማለትም በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ በዱካው አናት ላይ ቁልቁል አቆምሁት። ባትሪውን ከላይ ሳበራው የሚታየኝ ጠቆር ያለ የእግር ቅርጽ ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ ሜትር ያህል ርቄ ተንበረከክሁ፤ ባትሪውንም ወደ መሬት ዝቅ አድርጌ ከጎን አበራሁት። ሶሉ ከአፈሩ የተነሣ መሰለኝ። መስመሮቹ፣ በአውራ ጣት በኩል የተበላው ጠርዝ፣ ሶሉ ውስጥ የተሰነቀረች ጠጠር የተወችው የምስር ፍሬ የምታክል ጉድጓድ፣ ሁሉም ወጡ። ልጄን ጠርቼ አሳየሁት።

አንድ ነገር ግን ልብ አልሁ። ብርሃኑ ከተረከዝ ወደ ጣት ሲሄድ፣ በዚያው አቅጣጫ የተዘረጉት መስመሮች ጠፉ። ከጎን ሲመጣ እነዚያ ወጡና አሁን ደግሞ አግድሞቹ ደበዘዙ። ስለዚህ ካሜራው ሳይነቃነቅ ባትሪው ብቻ ዱካውን እየዞረ ቢያንስ ከአራት አቅጣጫ መነሣት አለበት። ረቂቃችን «ተገቢ ብርሃን ይጠቀማሉ» ብሎ ነው ያለፈው። ይህ ለሠልጣኝ ምንም አይነግረውም።

ኢንስፔክተሩ፦

ተባረክ ወንድሜ። እኔም ልጨምርበት። የመጀመሪያው ፎቶ ምንም ሳይነካ፣ ማስመሪያም ሳይቀመጥ፣ ቦታው እንደተገኘ ይነሣል። አለዚያ ተከላካይ ጠበቃ «ከማስመሪያው ሥር ምን ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ አይኖረንም።

ቀጥሎ ማስመሪያው ይቀመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዱካው ሁለት ሳንቲሜትር ጠልቆ ሳለ ማስመሪያው ከላይ መሬቱ ላይ ከተቀመጠ፣ ከዱካው ወለል ይልቅ ለሌንሱ ስለሚቀርብ ተልቆ ይታያል፤ ጫማውም ከእውነተኛ ልኩ አንሶ ይለካል። መፍትሔው ከዱካው ጎን ያለውን አፈር በጥንቃቄ ጠረግ አድርጎ ማስመሪያውን ከዱካው ወለል እኩል ማውረድ ነው። ካሜራውም ሳያጋድል ከመሬቱ ጋር ትይዩ ይሁን። ቀን ከሆነ ፀሐዩን በጃንጥላ ከልሎ በራስ ብርሃን መሥራት ይቻላል። የዱካውን ቅርጽ ለማውጣት ጀሶ የሚፈሰው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ጀሶ አንዴ ከፈሰሰ መመለሻ የለውም።

የሕግ ባለሙያዋ፦

ከእኛ ወገን ሁለት ነገር ላክል። አንደኛው የፎቶዎቹ ቅደም ተከተል ነው። ብዙ መዝገብ ላይ የማየው ቢላዋ ብቻውን፣ ደም ብቻውን፣ መስኮት ብቻውን ነው። ቢላዋው ወጥ ቤት ይገኝ ጓሮ ከፎቶው አይታወቅም። ዳኛው ቦታው ላይ አልነበሩም። ስለዚህ መጀመሪያ ቤቱ በሙሉ ከየማዕዘኑ፣ ቀጥሎ ቢላዋው ከምድጃው ወይም ከበሩ ጋር በአንድ ፎቶ፣ በመጨረሻ ቢላዋው በቅርበት፣ ያለ ማስመሪያና ከማስመሪያ ጋር ይነሣ። ይህ ሦስት ደረጃ በረቂቁ በግልጽ ይጻፍ።

ሁለተኛው የፎቶው አያያዝ ነው። መርማሪዎች በስልክ አንሥተው በቴሌግራም ለአለቃቸው ሲልኩ አይቻለሁ። በተለመደው መንገድ የተላከ ፎቶ መጠኑ ይቀነሳል፤ መቼና በምን ካሜራ እንደተነሣ የሚናገረው መረጃም አብሮት አይሄድም። በተከራካሪ ፊት የሚጸናው ዋናው ፋይል ነው። የተበላሸም ቢሆን አንድም ፎቶ አይሰረዝ፤ ቁጥሩ ከ14 ወደ 16 ከዘለለ 15ኛውን ማን አጠፋው ተብሎ ይጠየቃል። ዋናው ቅጂ ሳይነካ ታሽጎ ይቀመጥ፤ ማን ከማን ተረከበው የሚለውም በፊርማ ይመዝገብ። የሟችና የተጎጂ ምስል ከመዝገቡ እንዳይወጣም አንድ ክፍለ ጊዜ ይያዝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል፤ የሟች ቤተሰብ የልጁን አስከሬን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ማየት የለበትም።

አያቶቻችን በአውጫጭኝ ሰው ሰብስበው ወንጀለኛ ሲያወጣጡ የሚታመነው የሰው ቃል ነበር። ዛሬም ብዙ መዝገብ በምስክር ቃል ላይ ብቻ ይቆማል። ይህ ሥልጠና ያንን ሸክም ከምስክሮች ላይ ትንሽ ቢያነሣ ደስ ይለኛል።

ወጣቱ አባል፦

ሉሚኖልና ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው የምርመራ መብራቶች ለምን አልተካተቱም? ሲረጭ በጨለማ እያበራ የታጠበ ደም የሚያወጣው ኬሚካል ሉሚኖል ነው። ሠልጣኞቹም ዘመናዊውን ነገር ማየት ይፈልጋሉ።

የኬሚስትሪ መምህሩ፦

ጥያቄህ ተገቢ ነው ወንድሜ፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ዙር አይግባ እላለሁ። የሉሚኖል ሰማያዊ ብርሃን ደካማ ነው፤ በግማሽ ደቂቃ ገደማ መደብዘዝ ይጀምራል። ፎቶ የሚነሣው ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ፣ ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሆኖ፣ ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ፣ ለበርካታ ሰከንዶች ተከፍቶ ነው። ከዚህም በላይ ሉሚኖል የሚያበራው ከደም ጋር ብቻ አይደለም። በረኪናና መዳብም ያበሩታል። ወለሉን በበረኪና የወለወለች እናት ቤት ገብቶ ያልሠለጠነ ሰው ሲረጨው ምን ሊፈጠር እንደሚችል አስበው። አሻሚ ማስረጃ የሰው ሕይወት ያበላሻል።

ትራይፖድና ረጅም ሹተር ግን ዛሬውኑ ይጠቅሙናል። መብራት በሌለበት ሰፊ ግቢ ካሜራውን አቁሞ፣ ሹተሩን ከፍቶ፣ አንድ ሰው ፍላሽ ይዞ ከዛፉ ጀርባ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ከጎተራው ሥር እየዞረ ቢያበራ ግቢው በሙሉ በአንድ ፎቶ ይወጣል። ፍላሹን የያዘው ሰው ጨለማ ልብስ ይልበስ፤ በሌንሱና በብርሃኑ መካከልም አይቁም።

ሐኪሟ፦

በሰው አካል ላይ ያለ ጉዳትም ማስረጃ ስለሆነ ግማሽ ቀን ስጡን። በጠይም ቆዳ ላይ ሰንበር በጠንካራ ፍላሽ አይታይም፤ ቆዳው ያብለጨልጭና ጉዳቱን ይሸፍነዋል። ብርሃኑ በነጭ ጨርቅ ለስለስ ብሎ ከጎን ይምጣ። አንድ ጊዜ አንሥቶ መተው አይበቃም፤ ሰንበር ከቀናት በኋላ ጎልቶ ሊወጣ ስለሚችል ተጎጂው ተመልሶ ይነሣ። ለዚህ ሥራ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሳይሆን የማዕዘን ቅርጽ ያለው ይሻላል፤ ርዝመትና ስፋትን በአንድ ጊዜ ይለካል። በላዩ የታተሙት ክቦች በፎቶው ላይ ሞላላ ሆነው ከወጡ ካሜራው አጋድሎ እንደነበር ይታወቃል። ደግሞም የተደፈረችን ሴት ያለ ፈቃዷ፣ ሴት ባለሙያ ሳትኖር ማንም ካሜራ አያንሣባት። ይህን አደራ እላለሁ።

ሰብሳቢዋ፦

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በጀቱን እንደገና ሠራሁት። ዐሥር አዳዲስ ካሜራ የሚለው ወጥቷል። ኮሚሽኑ ያሉትን ካሜራዎች እንዲያመጣ እንጠይቃለን፤ እኛ ለእያንዳንዱ ሁለት ሠልጣኝ አንድ ትራይፖድ፣ ከካሜራው ተነጥሎ የሚሠራ ፍላሽ፣ ጠንካራ ባትሪ፣ ቀጥ ያለና የማዕዘን ማስመሪያ፣ ጥቁር ጃንጥላ እናቀርባለን። ሉሚኖል ወደ ሁለተኛው ዙር ተዛውሯል። «ተገቢ ብርሃን» የሚለው ሐረግ በዚህ ተተክቷል፦

«ሠልጣኙ በአፈር ላይ የታተመን ዱካ በመጀመሪያ እንደተገኘ፣ ከዚያም ማስመሪያውን ከዱካው ወለል እኩል አስቀምጦ፣ ካሜራውን በትራይፖድ ከመሬቱ ጋር ትይዩ አቁሞ፣ ዝቅ ብሎ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ቢያንስ ከአራት አቅጣጫ ያነሣል። አንድም ፎቶ አይሰርዝም።»

የሕክምናው ግማሽ ቀን ረቡዕ ከሰዓት ገብቷል፤ ፈቃድን የሚመለከተው አንቀጽም ሐኪማችን በጻፈችው ቃል ሰፍሯል።

ኢንስፔክተሩ፦

አሁን እፈርማለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ «በአፈር ላይ» ከሚለው ቀጥሎ «እና በአቧራማ ወለል ላይ» ይባል። ሊሾ ቤት ውስጥ የሚተወው የአቧራ ዱካ በዓይን የማይታይ ሆኖ ባትሪው ወለሉ ላይ ሊተኛ ሲደርስ ብቻ የሚወጣ ነው፤ ሰው የሚረግጠውም እሱን ነው። ለቅዳሜው ሙከራ ሁለት ሣጥን የተነፋ አፈር ከቤቴ አመጣለሁ። ጀሶውን ማን ይያዝ?

ፎቶ አንሺው፣ ከአዋሽ፦

ጀሶው በእኔ ይሁን። ያንን አሮጌ ጫማም ይዤ እመጣለሁ፤ ጠጠሯ አሁንም ሶሉ ውስጥ ናት።