የማርሽ ኬብል አስቸግሮኝ ቆሜያለሁ፤ እባካችሁ አማክሩኝ

ሰላም ወገኖች። ማንዋል ቪትዝ አለችኝ፤ እንጀራዬ እሷ ናት። ትናንት ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ልቀንስ ስል የማርሹ ዘንግ እጄ ላይ ላላ። ፍሪሲዮኑ ደህና ነው። ማርሹ ግን ሦስተኛ ላይ ቀረ። ዞሬ ቁልቁል እንደምንም ሰፈር ገባሁ።

ኮፈኑን ከፍቼ አየሁት። ከማርሹ ዘንግ ወደ ካምቢዮው (ማርሾቹ ያሉበት ሳጥን) የሚሄዱት ኬብሎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ግራና ቀኝ ይመርጣል፣ ሌላው ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል። የሚገፋው ጫፍ ላይ ያለችው ጎሚኒ ተፈርፍራ አልቃለች። ቀለበቱ ከፒኑ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ዝቅ ብሎ ደግሞ የውጭ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ዝገት ይታያል፤ በእጄ ስስበው ይከብዳል።

የሰፈራችን መካኒክ «በሽቦ ጠምዝዤ ልሰርልህ» አለኝ። ፈራሁ። ልጆች ጭኜ ዳገት ላይ ቢወጣብኝስ?

ጎሚኒዋን ብቻ ብቀይር ይበቃል ወይስ ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ኬብሉ ሙሉ ይቀየር? ሶማሌ ተራ ያገለገለ ብገዛ ምኑን ልፈትሽ? ከገጠምኩት በኋላስ ማስተካከል የሚጀመረው ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ ነው? ሰኞ ጠዋት የማመላልሳቸው ተማሪዎች በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። የሠራችሁት ካላችሁ ፎቶም ብትልኩልኝ ትልቅ ውለታ ነው።