የመልመጃ ጥራዙ ዕቅድ፦ ጥምርታና መቶኛ በቃላት ፕሮብሌም

አርቃቂ፦
ረቂቁ ይሄው። 64 ገጽ፣ 40 የቃላት ፕሮብሌም፣ 600 ቅጂ። ወጪውን ሦስቱ የመምህራን ማኅበራችን ቅርንጫፎች እንደ አባል ብዛታቸው 3፡2፡1 ይችላሉ። ቅጂውንም በዚያው ይካፈላሉ፤ 300፣ 200፣ 100። ዓላማው ያው ነው። ተማሪው ቁጥር ሲያይ ዘሎ ከማባዛቱ በፊት «የምን?» ብሎ እንዲጠይቅ። የምን 20 በመቶ? 2 ከምን፣ 3 ከምን? የመጨረሻውን ፈተና ሁላችሁም አርማችሁታል። ሁለት ቀለም 2፡3 ተደባለቀ፣ የመጀመሪያው ከድብልቁ ስንት በመቶ ነው? ስንቱ ልጅ 66.7 ብሎ ጻፈ! ሁለት ሦስተኛ አደረገው። ጠቅላላው 5 ክፍል ነው፣ ሁለቱ 40 በመቶ ነው። ልጁ ማባዛት አላቃተውም። የምን እንደሆነ አልጠየቀም። ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ይናገር።

ሥዕል በእኔ፦
ሥዕሎቹን በሙሉ እኔ እሠራለሁ። እስከ እሑድ ታገኙታላችሁ።

የማታው፦
ፕሮብሌም 3፣ 7፣ 11 እና 19 ላይ ጥምርታው «2፡3» ተብሎ ተጽፏል። ይሄ ሁለት ነጥብ የእኛ የቃል መለያ ነው እንጂ የሂሳብ ምልክት አይደለም። ስልኩ ነው የሚያወጣው። ወይ «2:3» ይሁን፣ ወይ «2 ለ 3»። እንዲህ ሆኖ ከታተመ ስሜ አይግባበት።

ሂሳብ ያዥ፦
ከነጥቡ በፊት ገንዘቡን እንይ። 64 ገጽ አንችልም። 25 በመቶ ቀንሼ 48 አድርጌዋለሁ። ማተሚያ ቤቱ ዋጋ ካሻሻለልን ኋላ 25 በመቶ ጨምረን ወደ 64 እንመለሳለን።

ስድስተኛ ቢ፦
አትመለሺም። የ48 ሩብ 12 ነው፤ 60 ላይ ትቆሚያለሽ። 64 ለመድረስ 16 ገጽ ያስፈልግሻል፣ 16 ደግሞ የ48 ሲሶ ነው። 33.3 በመቶ ማለት ነው። ስትቀንሺ የ64 ነበር፣ ስትጨምሪ የ48 ሆነ። ፕሮብሌም 14 የሚጠይቀው ይሄንኑ እኮ ነው።

ሂሳብ ያዥ፦
ልክ ነሽ። በ48 እንሂድ። አርቃቂ፣ 10 ፕሮብሌም አውጣ።

የማታው፦
ስለ ነጥቡ መልስ አላገኘሁም።

አርቃቂ፦
«ለ» አድርጌዋለሁ። ስናነበውም «2 ለ 3» ነው የምንለው። ይሄ አልቋል።

ስድስተኛ ቢ፦
አላለቀም። «ለ» እንዳትጽፉ። ክፍሌ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ሰሌዳው ላይ «4 ለ 2ን አቃልሉ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ልጅ ወጣ። ጠመኔውን ይዞ ቆመ፣ አይጽፍም። ምነው ስለው ዞር ብሎ «ቲቸር፣ 4 ለ 2 ያሸነፈ ቡድን 2 ለ 1 አሸነፈ ይባላል እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እሱ ግን ከልቡ ነበር። ሦስቱ ጎል የት ገባ ነው ጥያቄው። መልስ ለመስጠት ደቂቃ ፈጀብኝ። እነዚህ ልጆች «ለ»ን የሚያውቁት ከኳስ ውጤት ነው። የኳስ ውጤት አይቃለልም። 2 ለ 0 በኳስ ውጤት ነው፣ በጥምርታ ግን ምንም አይነግረንም፤ 5 ለ 0ም ያው ነው። እኛው በእጃችን አናደናግራቸው።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ ዕድሜዬን ሙሉ «ለ» ብዬ ነው ያስተማርኩት። ያ ልጅ የጠየቀው ትልቅ ጥያቄ ነው። «ለ»ን ብታወጡለት ጥያቄውን አብራችሁ ታወጡበታላችሁ። ሁለት ነጥቡስ ቢሆን ምን ይሻላል? 2:30 ሲያይ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የሚለው። 1 ለ 15 ነው የሚል ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የማታው፦
ጋሼ፣ ሁለት ነጥቡ ያለ ምክንያት አልመጣም። ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ላይብኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1684 ባሳተመው ጽሑፍ ለማካፈል የተጠቀመው እሱን ነው። ጥምርታም ማካፈል ነው። 2:3 ሲባል ልጁ 2 ሲካፈል ለ3 ብሎ ያያል። «ለ» ግን ፊደል ነው። ከፊቱም ከኋላውም ክፍት ቦታ ይፈልጋል፣ መስመር መጨረሻ ላይ ይሰበራል፣ 2 እላይ ቀርቶ 3 እታች ይወርዳል። የማታ ተማሪዎቼ ደክመው ነው የሚመጡት፤ እሱን ሲያዩ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይመስላቸዋል።

አርቃቂ፦
አንተ እንዳልከው 2 ሲካፈል ለ3 ብሎ ካየ እኮ ነው 66.7 የሚጽፈው።

የማታው፦
የመጀመሪያው የሁለተኛው ስንት በመቶ ነው ተብሎ ቢጠየቅ 66.7 ልክ ነው። ጥያቄው ከድብልቁ ስላለ ነው የተሳሳተው። ጥፋቱ የምልክቱ አይደለም።

ስድስተኛ ቢ፦
ጥፋቱ የልማዱ ነው። ሌላም አለኝ። በደርሶ መልስ ጨዋታ የመጀመሪያው 2 ለ 1፣ የሁለተኛው 3 ለ 2 ከሆነ ድምሩ 5 ለ 3 ነው። ልጆቹ ይሄን እንደ ውኃ ይጠጡታል። ከዚያ ሁለት እኩል ቆርቆሮ ቀለም ስጧቸው። አንዱ ሰማያዊና ነጭ 2 ለ 1፣ ሌላው 3 ለ 2። ሁለቱ ሲደባለቁስ? ሳያስቡ 5 ለ 3 ይሏችኋል። ትክክሉ 19 ለ 11 ነው። ሰማያዊው ከመጀመሪያው 2/3፣ ከሁለተኛው 3/5 ነው፤ ሲደመር 19/15። ነጩ 1/3 እና 2/5፤ ሲደመር 11/15።

የማታው፦
5 ለ 3 ልክ የሚሆንበትም አለ። የመጀመሪያው ቆርቆሮ 3 ሊትር፣ ሁለተኛው 5 ሊትር ከሆነ ሰማያዊው 2 እና 3፣ ነጩ 1 እና 2 ነው። 5 ለ 3። ይሄን ሳትነግሪያቸው «ስህተት ነው» ብትዪ አንቺም ትሳሳቻለሽ።

ስድስተኛ ቢ፦
«ሁለት እኩል ቆርቆሮ» ብያለሁ። አንብብ። ሰው ፊት ለማሳነስ ከሆነ የምትጽፈው በግሌ ጻፍልኝ።

የማታው፦
ማን አሳነሰሽ? ሂሳቡን ነው ያልኩት።

ቅርንጫፍ 3፦
እኛ ወጥተናል። በአባሎቻችን መዋጮ ነጥብ ላይ የሚከራከር ስብሰባ አንችልም። 100 ቅጂያችን ይቅር። ድርሻችንንም አትቁጠሩ።

ጡረተኛው፦
እንዲህ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሁለታችሁም አትሂዱ። የቀለሙ ፕሮብሌም ከሁሉ የተሻለ ነው። ሁለቱም ጎን አብሮ ይግባ፤ መጀመሪያ እኩል ቆርቆሮ፣ ቀጥሎ 3 ሊትርና 5 ሊትር። ልጁ መልሱ ለምን እንደተለወጠ ይንገረን።

ሂሳብ ያዥ፦
ቅርንጫፍ 3 ሲወጣ ወጪው 3 ለ 2 ይሆናል። ቅርንጫፍ 1 ከ50 በመቶ ወደ 60፣ ቅርንጫፍ 2 ከ33.3 ወደ 40። ሁለታችሁም ማረጋገጫ ላኩ።

ቅርንጫፍ 1፦
10 በመቶ ጭማሪ ብቻ ከሆነ ኮሚቴያችን ይችለዋል። አሳውቄያለሁ።

ሂሳብ ያዥ፦
10 በመቶ አይደለም። 10 የመቶኛ ነጥብ ነው። ከኪሳችሁ የሚወጣው በ20 በመቶ ይጨምራል። 50 ትከፍል የነበረ 60 ስትከፍል ጭማሪው 10 ነው፣ 10 የ50 አንድ አምስተኛ ነው። ለኮሚቴው ዛሬውኑ አስተካክለህ ንገር። ነገ እኔ ላይ እንዳይመጡ።

ቅርንጫፍ 2፦
እኛስ? 6.7 ነው የጨመረብን።

ሂሳብ ያዥ፦
እናንተም 20 በመቶ ነው። የወጣው ድርሻ ከ6 ክፍል አንዱ ነበር። ያን አንድ ክፍል የቀረነው 5 ክፍል እንሸከመዋለን። እያንዳንዱ ክፍል ላይ አንድ አምስተኛ ይጨመራል። ትልቁም ትንሹም በመቶኛ እኩል ነው የተጎዳው።

ቅርንጫፍ 1፦
ቅጂውን ከ600 ወደ 500 እናውርደው። የእነሱ 100 ከቀረ ወጪውም በአንድ ስድስተኛ ይወርዳል፣ ማንም አይጨምርም።

ሂሳብ ያዥ፦
አይወርድም። ማተሚያ ቤቱ ገና አንድ ቅጂ ሳያወጣ የዝግጅቱን ያስከፍላል። ያ 600ም ቢታተም 500ም ቢታተም ያው ነው። የሚቀንሰው የወረቀቱና የቀለሙ ብቻ ነው። ቅጂ በስንት እጅ ቢቀንስ ወጪም በዚያው አይቀንስም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው።

አርቃቂ፦
ይሄ ራሱ ፕሮብሌም ሆኖ ይግባ። ሁሉ ነገር ተመጣጣኝ እንዳልሆነ ልጆቹ ይዩት። 6 ሠራተኛ በ10 ቀን የሚጨርሰውን 4 ሠራተኛ በስንት ቀን ይጨርሳል ሲባል በ6.7 የሚሉም አሉ። ሰው ሲያንስ ቀኑ እንዴት ያንሳል? 60 የሠራተኛ ቀን ነው፣ ለ4 ሲካፈል 15።

ቅርንጫፍ 2፦
20 በመቶ አንችልም። ስብሰባ ተቀምጠን ወስነናል። ጥራዙ ይቅርና በአንድ ኤ3 ወረቀት የሚለጠፍ ነገር እናውጣ። ኦሪጂናሉን እንላክላችሁ፣ ሁሉም በየራሱ ያባዛ።

አርቃቂ፦
30 ፕሮብሌም በአንድ ወረቀት?

ቅርንጫፍ 2፦
12 በቂ ነው። ኤ3 የሌለው በኤ4 አሳንሶ ያባዛ።

ሂሳብ ያዥ፦
በገንዘብ በኩል ይሄ ያዋጣል። አንድ ነገር ልብ በሉ። ኤ3ን ወደ ኤ4 ስታሳንሱ ማሽኑን 50 በመቶ ላይ አታድርጉት። እኔ አድርጌው አውቃለሁ፤ ጽሑፉ ወረቀቱ ጥግ ላይ ግማሹን ብቻ ይዞ ወጣ። ኤ3 297 በ420 ሚሊሜትር ነው፣ ኤ4 210 በ297። ማሽኑ የሚያሳንሰው ጎኑን ነው። 210 ለ297 ሲካፈል 0.71 ነው። ሁለቱም ጎን ወደ 0.71 ሲያንስ፣ ጎን በጎን ተባዝቶ የሚገኘው ስፋት ወደ 0.5 ይመጣል። ስለዚህ 71 በመቶ ነው የሚጫነው። ለመመለስ ደግሞ 141።

ስድስተኛ ቢ፦
ቆንጆ ፕሮብሌም ነው። ወረቀቱን ሁለት ላይ አጥፈው በእጃቸው ያዩታል። ይግባልኝ።

የማታው፦
በ71 በመቶ ሞክሬ አባዛሁት። እውነቱን ልናገር። «2:3» ሲያንስ የላይኛው ነጥብ ጠፋ። 2.3 ሆኖ ነው የሚነበበው። «ለ» ግን ይታያል። «ለ» ይሁን። ተቃውሞዬን አንስቻለሁ። ስድስተኛ ቢ፣ ያን ቀን ቃሌ ከርሮ ከሆነ አትቀየሚኝ።

ስድስተኛ ቢ፦
አልተቀየምኩም። «ለ» ከገባ ግን አንደኛው ፕሮብሌም የኳሱ ይሁን። 4 ለ 2ን ማቃለል ይቻላል ወይ፣ ለምን? ሁለተኛው የደርሶ መልሱ። ሦስተኛውና አራተኛው ቀለሙ በሁለት ጎኑ። አምስተኛው ደግሞ «2 ለ 0 ጥምርታ ነው?»።

ቅርንጫፍ 1፦
የእኛ ልጆች ኳስ ስለሚወዱ ሁለት ይጨመርበት። ርዕሱም «ለ» ቢሆን ይስባል።

አርቃቂ፦
ቆይ። ከ12ቱ 7 ሄደ። የወረቀቱ 71 አንድ፣ የዝግጅት ወጪው አንድ፣ የሠራተኞቹ አንድ። የቀረኝ ሁለት ቦታ ነው። እኔ ይሄን ያነሳሁት ለመቶኛው ነበር። «የምን?» ለሚለው። ትልቅ ቦታ ይዞ የነበረው ነገር ወደ አንድ ስድስተኛ ወረደ።

ጡረተኛው፦
ሁለቱን ቦታ አትልቀቅ። ጥሩውን አስገባበት።

አርቃቂ፦
እሺ። አንደኛው፦ አዳራሽ ውስጥ 100 ሰው አለ፣ 99 በመቶው ተማሪ ነው። ተማሪዎች 98 በመቶ እንዲሆኑ ስንት ተማሪ ይውጣ? ሁሉም «አንድ» ይላል። መልሱ 50 ነው። ተማሪ ያልሆነው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ያ አንዱ ሰው 2 በመቶ እንዲሆን ጠቅላላው 50 መሆን አለበት። ሁለተኛው፦ አንድ ቁጥር በ20 በመቶ ጨምሮ 60 ሆነ፣ በፊት ስንት ነበር? 48 የሚሉት የ60ን 20 በመቶ ቀንሰው ነው። ጭማሪው ግን የ60 አልነበረም። 60 ለ1.2 ሲካፈል 50።

ቅርንጫፍ 1፦
የአዳራሹ ከባድ ነው። በእሱ ፋንታ የኳስ ይግባ።

ስድስተኛ ቢ፦
አይነካም። የአዳራሹን ክፍል ውስጥ እኔ እሞክረዋለሁ። ልጆቹን አስቁሜ አንድ አንድ አስወጣቸዋለሁ። የሚወጣው ሰው ብዛት ሲያስደነግጣቸው ማየት እፈልጋለሁ።

ሂሳብ ያዥ፦
ማባዣው ሐሙስ ከሰዓት ነው ነፃ የሚሆነው። ሥዕል በእኔ አሁንም አልመለሰም፣ ስልኩም አይነሳም። ያለ ሥዕል ይውጣ። የመልስ ወረቀቱን ማን ይሠራል?

ጡረተኛው፦
መልሱን እኔ በእጄ እጽፈዋለሁ። እዚህ ቤት መጥቶ ስካን የሚያደርግ ሰው ላኩልኝ።