ክራሬን ወደ ባቲ ቅኝት ስቀይር ክሩ እየተበጠሰ ተቸገርኩ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ እስኪያልቅ ሒሳብ ስዘጋ፣ ማታ 3 ሰዓት ከቢሮ እየወጣሁ ነው የከረምኩት። ቅዳሜዬም ለሥራ ሄደ፤ በጣም ደክሞኛል። የሚያሳርፈኝ ክራሬ ብቻ ነበር፣ እሱም አሁን አስቸገረኝ። ባለ 6 ክር ነው፣ ክሩም ናይለን። በትዝታ ቅኝት ቃኝቼ ደህና እጫወታለሁ። ወደ ባቲ ልቀይር ሳጠብቀው ግን ሦስተኛው ክር ይበጠሳል፤ በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለቴ ቀየርኩት። ቀስ ብዬ ካጠበቅኩት ደግሞ ጠዋት ላልቶ አገኘዋለሁ። የክረምቱ እርጥበት ይሆን? ክራር የምትጫወቱ፣ መጀመሪያ የትኛውን ክር ነው የምትቃኙት? ለሦስተኛውስ ምን ያህል ውፍረት ያለው ልግዛ? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ ለእናቴ እሑድ በባቲ ልጫወትላት ቃል ገብቼላታለሁ።