ስለ ቴክኖሎጂ ጥናት ተንታኝነት፦ ከጅማ ለጠየቁን እህት

እህታችን፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ምህንድስና ተምረው ወደ አሜሪካ ሊሄዱ መሆኑን፣ ከፕሮግራመርነትም ይልቅ ልብዎ ወደ ቴክኖሎጂ ጥናት ተንታኝነት ማዘንበሉን ገልጸው፣ ሰዎች ይህን ሥራ ለምን እንደሚወዱት ጠይቀዋል። እኔም የጅማ ልጅ ነኝ፤ ብዙ ዓመት የሠራሁበት ሙያ ስለሆነ በደስታ እመልስልዎታለሁ።

ተንታኙ እንደ አይዲሲ፣ ጋርትነር እና ፎሬስተር ባሉ የቴክኖሎጂ ገበያን በሚያጠኑ ድርጅቶች ውስጥ ይሠራል፤ አንድ ባንክ ወይም ሆስፒታል አዲስ የኮምፒዩተር ሥርዓት ከመግዛቱ በፊት ተንታኙን ያማክራል፤ አምራቾችም ምርታቸውን ለተንታኙ ያስረዳሉ፤ እርሱም ሁለቱን ወገን አገናዝቦ ይጽፋል። ፕሮግራመር በአብዛኛው የአንድ መሥሪያ ቤትን ችግር በጥልቀት ያውቃል። ተንታኝ ግን ጠዋት ከባንክ፣ ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታል ጋር ሲነጋገር ውሎ፣ ሁለቱ ሳይተዋወቁ በአንድ ዓይነት ችግር እንደተያዙ ይደርስበታል፤ ማንም ገና ያልጻፈውን ነገር ቀድሞ ማየት ለእኔ ከደመወዙ በላይ ነው።

ሁለተኛው ደስታ የራስን ፍርድ መስጠት ነው። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና ቀማሾች የባለቤቱን ስም ሳያውቁ በኮድ የቀረበላቸውን ናሙና ቀምሰው ደረጃ እንደሚሰጡ ሁሉ፣ ጥሩ ተንታኝም የሻጩን ዝና ወደ ጎን ትቶ ምርቱን ይመዝናል። ይህ ግን ያለ ፈተና አይገኝም፤ አምራቾቹ ራሳቸው የነዚህ ድርጅቶች ደንበኞች ናቸውና። ስለዚህ ሥራ ከመቀበልዎ በፊት ተንታኞች በሚከታተሏቸው ኩባንያዎች ላይ አክሲዮን እንዳይዙ የሚከለክል ደንብ መኖሩን፣ ሻጭ ቅር ሲሰኝም አለቆች ከማን ጎን እንደሚቆሙ አጥብቀው ይጠይቁ። ጋርትነር ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያወጣው ሥዕላዊ መግለጫ አዲስ ቴክኖሎጂ መጀመሪያ ከመጠን በላይ ተስፋ እንደሚጣልበት፣ ቀጥሎ ተስፋ እንደሚቆረጥበት፣ ከዚያም ቀስ በቀስ እውነተኛ ጥቅሙ እንደሚታወቅ ያሳያል፤ ሁሉም በሚያጨበጭብበት ሰዓት «ገና ነው» ብሎ በማስረጃ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል፤ ሥራውንም የሚያስከብረው ይኸው ነው።

ከጅማ መምጣትዎ ደግሞ ይጠቅምዎታል እንጂ አይጎዳዎትም። ቴሌብር በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር በስማርት ስልክ ብቻ ሳይሆን፣ *127# በመደወል ያለ ኢንተርኔትም እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። በጅማ ዙሪያ ያለ ቡና አምራች በተራ ስልክ ገንዘብ ሲቀበል፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን እንደሚያደርግ፣ ወኪሉን ለምን እንደሚያምን ያየ ሰው፣ የሞባይል ክፍያን ከሪፖርት ብቻ የተማረ ባልደረባው የማይጠይቀውን ጥያቄ ይጠይቃል።

በእንግሊዝኛ አጥርቶ መጻፍ ግን የግድ ነው፤ አዘጋጆች ረቂቅን ደጋግመው ይመልሳሉ፣ መጀመሪያ ላይም ያደክማል። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት በሂርማታ ገበያ ያሉ ነጋዴዎችን አነጋግረው፣ በጥሬ ገንዘብ፣ በባንክ እና በቴሌብር ስለ መገበያየት የሚያነጻጽር ሁለት ገጽ ጽሑፍ ያዘጋጁ። ለማመልከቻዎ ናሙና ይሆንዎታል፤ እዚህ ቢለጥፉት እኔም ሌሎች የሙያው ሰዎችም አንብበን አስተያየት እንሰጥዎታለን።