አስቸኳይ፦ ቱርሚ አጠገብ ላንድክሩዘራችን አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሯል፤ በብረት ካቦ ማስጎተት ይቻላል?

የመስክ ሠራተኛዋ (ከቀኑ 8፡40)
የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በካስኬ ወንዝ አሸዋ ውስጥ መኪናችን ከተቀረቀረ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖታል። መኪናው የኪራይ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ነው፤ ሹፌሩን ጨምሮ አምስት ሰዎች ነን። ፎርዊሉ (ለአራቱም ጎማ ጉልበት የሚሰጠው ማርሽ) ገብቷል፤ ነገር ግን ነዳጅ ሲሰጠው የኋላ ጎማዎቹ ብቻ እየዞሩ ወደ ታች ስለሚቆፍሩ፣ አሁን የኋላው ዲፈረንሻል አሸዋው ላይ ተኝቷል። በመጣንበት ዳር አንድ አይሱዙ ቆሟል፤ ባለቤቱም የብረት ካቦ ስላለው ከኋላችን ባለው የተጎታች ማያያዣ ኳስ ላይ አስሮ፣ ትንሽ ተንደርድሮ መንጭቆ ሊያወጣን ፈቃደኛ ነው። ጥያቄዬ ካቦው እንዳያመልጥ በኳሱ ላይ እንዴት ይታሰር የሚል ነው። ኔትወርክ የማገኘው ጉብታው ላይ ስወጣ ብቻ ስለሆነ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የአዳማው መካኒክ (8፡46)
እህቴ፣ ኳሱ ላይ ምንም ነገር እንዳይታሰር። ኳሱ የተሠራው ተጎታችን ለመሳብ እንጂ አሸዋ የያዘውን መኪና ለመመንጨቅ አይደለም፤ አንገቱ ከተቆረጠ ካቦው እንደ ወንጭፍ ይወረውረዋል፣ በዚህ ምክንያት የሞቱ ሰዎች አሉ። የብረት ካቦ ደግሞ እንደ ናይለን ገመድ ተለጥጦ ምንጨቃውን አያበርድም፤ አይሱዙው ሲንደረደር ያከማቸው ጉልበት በሙሉ በአንድ ቅጽበት ማሰሪያው ላይ ያርፋል፣ ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከዓመታት በፊት አፋር ውስጥ ካቦ ሲበጠስ በዓይኔ አይቻለሁ። የተበጠሰው ጫፍ ተመልሶ የጎታቹን መኪና የኋላ መስታወት አወረደው፣ የጋቢናውንም መደገፊያ እስከ ስፖንጁ ሰነጠቀው፤ ሹፌሩ የተረፈው ወደ ማርሹ ጎንበስ ብሎ ስለነበረ ብቻ ነው። አይሱዙው እንዲጠብቃችሁ አድርጊ፤ መጀመሪያ መኪናው በራሱ ጉልበት እንዲወጣ እንሞክር።

ከአቡዳቢ (8፡49)
የሁሉንም ጎማዎች ነፋስ ቀንሱ። እዚህ በረሃ ውስጥ አሸዋ ላይ ሳንገባ አስቀድመን የምናደርገው ይህንን ነው። በአስፋልት ላይ 40 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ) የነበረው ጎማ ወደ 15 ሲወርድ መሬት የሚነካው ክፍል ስለሚረዝም፣ መኪናው አሸዋውን ከመቁረጥ ይልቅ ላዩ ላይ ይሄዳል። አንዳንዶቻችን እስከ 12 እናወርዳለን።

ጨዋታ ወዳጅ (8፡51)
አይዟችሁ፣ በዚያ ሙቀት መኪናውም እንደ ሰው አሸዋው ላይ ጋደም ማለት አምሮት ይሆናል። ለመሆኑ የፊት ጎማዎቹ ሃብ ተቆልፏል? ፎርዊል ገብቶ የኋላ ጎማዎች ብቻ ከዞሩ እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ጡረተኛው ሹፌር (8፡58)
ልጄ፣ 34 ዓመት በመስክ መኪና ላይ ሠርቻለሁና የምናገረውን ልብ ብለሽ ስሚ። አሸዋ ያለበት ወንዝ ዘንድ ስትደርሱ መኪናው ይቁም፤ አንድ ሰው ወርዶ የሚታለፍበትን መስመር ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ይርገጠው፤ ለሰው እግር የሚሰምጠው ለመኪና ይብሳል። ፎርዊል የሚገባው ከመያዛችሁ በፊት እንጂ ከተያዛችሁ በኋላ አይደለም። አሸዋ ውስጥ ከገቡ በኋላ በአንድ ዓይነት ፍጥነት መሄድ እንጂ መሐል ላይ ማርሽ መቀየር፣ መቆምም ሆነ መሪ በድንገት ማጠፍ አይገባም። ወደ በረሃ የሚወጣ ሰው ቢያንስ ሁለት መኪና ሆኖ ይሄዳል፤ አካፋ፣ ሁለት ወፍራም ሳንቃ፣ የነፋስ መለኪያና መሙያ፣ ለክሪክ መቆሚያ የሚሆን ጣውላ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ከ5 ሊትር የማያንስ ውኃ ይይዛል። በእኛ ጊዜ አለቃችን እነዚህን አንድ በአንድ ቆጥሮ ካላየ የመውጫ ፈቃድ ላይ አይፈርምም ነበር። የዛሬ ተከራዮች ግን ስለ ዋጋው ብቻ ተነጋግረው ይነሣሉ፣ ይህም ያሳዝነኛል።

የጂንካ ልጅ (9፡01)
ጋሼ፣ ምክርዎ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሁላችንም የተሳሳተውን ጥያቄ እየመለስን ነው። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ያሉት በበልግ ዝናብ ወቅት ወንዝ ውስጥ ነው። እህቴ፣ መኪናው እንዴት ይውጣ ከማለትሽ በፊት አሁን ሰዎቹ የት እንዳሉና በተራራው በኩል ሰማዩ ምን እንደሚመስል ንገሪን። ደራሽ ውኃ ለመምጣት እናንተ ያላችሁበት ቦታ መዝነብ የለበትም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ ውስጥ በሌሊት ከ200 በላይ ሰው የገደለው የደቻቱ ጎርፍ የመጣው በደጋው ላይ ከጣለ ዝናብ ነው፤ ደቻቱም አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው።

የመስክ ሠራተኛዋ (9፡07)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባልደረቦቼ ወንዙ ውስጥ በመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። እኛ ያለንበት ፀሐይ ነው፣ በተራራው በኩል ግን ሰማዩ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ጠቁሯል። ሃብ የተባለው ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ሹፌራችን ይህን መኪና የያዘው ትናንት ነው፣ ፎርዊሉ ከጋቢና ውስጥ ከገባ ይበቃል ብሎኛል።

የጂንካ ልጅ (9፡08)
አሁኑኑ ሰዎቹን በሙሉ ወደ ከፍታው ዳር አውጪያቸው። ውኃ፣ ስልክና ሰነድ ይዘው ይውጡ፣ ሌላው ይቅር። አንድ ሰው ጉብታው ላይ ቆሞ ወደ ላይኛው የወንዙ አቅጣጫ ብቻ ይመልከት። ከላይ ጉምጉምታ ከተሰማ፣ ወይም ቅጠልና ጭራሮ የተሸከመ ቀይ ውኃ ከታየ፣ እየቆፈረ ያለው ሰው አካፋውን ጥሎ ይሩጥ። መኪናው የኪራይ ነው፣ ባለቤት አለው።

የአዳማው መካኒክ (9፡12)
ወንድሜ ያለው ይቅደም። ከዚያ ወደ ሃብ እንመለስ፣ ጨዋታ ወዳጅ ዋናውን ነገር ነክቶታል። በብዙዎቹ ሃርድቶፖች የፊት ጎማ መሐል ላይ፣ ስፋቱ የቡና ስኒ አፍ የሚያህል በእጅ የሚዞር ክብ ነገር አለ፤ ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ «ፍሪ» እና «ሎክ» ተብሎ ተጽፏል። «ፍሪ» ላይ ከሆነ ፎርዊሉ ቢገባም የፊት ጎማው ጉልበት አያገኝም። በቀኝም በግራም «ሎክ» ላይ እስኪደርስ ይዙር፤ አሸዋ ገብቶበት ከደረቀ በጨርቅ ጠርጎ በሁለት እጅ ማዞር ነው።

ከዚያ ጭነቱ በሙሉ ይውረድ። ከዲፈረንሻሉ ሥርና ከእያንዳንዱ ጎማ ኋላ ያለው አሸዋ በአካፋ፣ ካልተገኘም በድስት ክዳን ይዛቅ፤ ጎማው የሚወጣበት ቀስ ያለ ዳገት ይሠራለት እንጂ ገደል ሆኖ አይቅር። ወደ ኋላ ውጡ የምላችሁ በመጣችሁበት የጎማ ፈለግ ላይ አሸዋው ስለተጠቀጠቀ ነው። ፎርዊሉን ወደ ሎው (ወደ ከባዱ ማርሽ) አድርጋችሁ ፍሪሲዮኑን በቀስታ ልቀቁ፤ ጎማው በቦታው መሽከርከር ሲጀምር ወዲያው አቁማችሁ እንደገና ቆፍሩ። ክሪክ ከተጠቀማችሁ ከሥሩ ጣውላ ይኑር፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ግን ማንም እጁንም ቢሆን አያስገባ።

ፈጣን መንገደኛ (9፡14)
ነፋስ ቀንሱ፣ ሁሉም ነገር ይስተካከላል። 12 አድርጉት።

የአዳማው መካኒክ (9፡17)
መቀነሱ ተገቢ ነው፣ በ12 ግን አልስማማም። የወንዝ አሸዋ እንደ አረቢያ አሸዋ ንጹሕ አይደለም፣ ሥሩ ድንጋይና የእንጨት ጉቶ አለበት፤ በዚያ ላይ መሪ ሲታጠፍ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል፣ እዚያ ቦታ ደግሞ ጎሚስታ የለም። 18 ይበቃል። መለኪያ ከሌላቸው የቫልቩን መሐል በስንጥር ተጭነው፣ የጎማው ሆድ ከታች በግልጽ መንፋት ሲጀምር ያቁሙ፤ አራቱንም እኩል ያድርጉ።

ከአቡዳቢ (9፡20)
እውነት ነው፤ እኔ የተናገርኩት ስለ ንጹሕ የአሸዋ ክምር ነው። በ18 ይጀምሩ።

የመስክ ሠራተኛዋ (9፡31)
ሰዎቹ በሙሉ ወጥተዋል፣ አንድ ባልደረባችንም ወንዙን ይጠብቃል። በመኪናው ዘንድ ያሉት ሹፌሩና አንድ የሚቆፍር ወጣት ብቻ ናቸው። ሃቡ በሁለቱም በኩል «ፍሪ» ላይ ነበር፤ የግራው ተቆልፏል፣ የቀኙ ግን ደርቆ እየታገሉት ነው። ነፋስ እየቀነስን ነው፤ መሙያ ግን የለንም። ባይወጣስ አይሱዙውን ምን ልበለው?

የአዳማው መካኒክ (9፡36)
የቀኙ ሃብ እንቢ ካለ መኪናው ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲነቃነቅ ጥርሱ ሊገባ ይችላል፣ በመዶሻ ግን እንዳትመቱት። አይሱዙው ግዴታ ከሆነ እሱ ራሱ አሸዋው ውስጥ አይግባ፣ ጽኑ መሬት ላይ ሆኖ ካቦው ወደ እናንተ ይድረስ። ከሻንሲው ጋር በወፍራም ብሎን የታሰረ የመጎተቻ መንጠቆ ከኋላ በታች በኩል ፈልጉ፤ ከሌለ ከፊት ያሉትን መንጠቆዎች ተጠቅሞ ከማዶ ዳር መጎተት ይሻላል። በካቦው መሐል ላይ ጋቢ ወይም ግማሹ አሸዋ የሆነ ጆንያ ይንጠልጠል፣ ቢበጠስ ግርፊያውን ያበርደዋል። ካቦው 10 ሜትር ከሆነ ከሁለቱ ሹፌሮች በቀር ሰው ሁሉ ከ15 ሜትር በላይ ይራቅ፣ በካቦው ላይም ማንም አይራመድ። መጀመሪያ ካቦው በቀስታ ይወጠር፣ ከዚያ አይሱዙው በአንደኛ ማርሽ ሲስብ የእናንተም መኪና አብሮ ይግፋ። መንደርደር ፈጽሞ የለም። ባለቤቱ በዚህ ካልተስማማ አመስግናችሁ ተዉት።

የመስክ ሠራተኛዋ (9፡39)
ለአይሱዙው ባለቤት አንብቤለታለሁ፤ ስለ ኳሱ ሲሰማ ደንግጦ ያለ መንደርደር እስባለሁ ብሏል። ጋቢውን ሹፌራችን ሰጥቷል። አሁን ወደ ታች እወርዳለሁ፣ እዚያ ኔትወርክ የለም።

ጨዋታ ወዳጅ (ከምሽቱ 1፡50)
እህቴ፣ ወጣችሁ? አንድ ቃል ብቻ ጻፊልን።

ጡረተኛው ሹፌር (ከምሽቱ 2፡15)
ልጄ፣ ጨለማ ከያዛችሁ መኪናውን እዚያው ትታችሁ ዳር ላይ እደሩ፣ በሌሊት ተመልሳችሁ ወንዝ ውስጥ እንዳትገቡ። ቱርሚ ወይም ዲመካ ያላችሁ ሰዎች የምታውቁት ነገር ካለ እባካችሁ አሰሙን።

የአዳማው መካኒክ (በማግስቱ ከጠዋቱ 1፡10)
ወጥታችሁ ከሆነ፣ ነፋስ እስክትሞሉ ድረስ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አትለፉ፣ ነፋሱ በቀነሰ ጎማ አስፋልት ላይ መፍጠን ጎማውን አግሎ ያፈነዳዋል። ቱርሚ ስትደርሱ ጎማዎቹን አስሞሉ፣ የቸርኬ ብሎኖቹን አስጠብቁ፣ ደረቅ መንገድ ላይም ፎርዊሉን አውጥታችሁ ሃቡን ወደ «ፍሪ» መልሱት። ስልክሽ ሲከፈት ጻፊልን።