ዜኦላይቱ ያቀጠነው ዘይት መልሶ ወፈረብኝ፤ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ድሬዳዋ ነኝ፤ የማስተርስ መመረቂያዬ ወፍራም ድፍድፍ ዘይትን በዜኦላይት (ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ማዕድን) ማቅጠን ነው፤ አንድ ቦታ ተቸክዬ ቀረሁ። ሦስት ሳምንት አለፈኝ።

ወፍራም ድፍድፍ ዘይት እዚህ ስለማይገኝ የምጠቀመው ፈርነስ ኦይል (ለምድጃ የሚነድ ወፍራም ነዳጅ) ነው። የዋይ (Y) ዓይነት ዜኦላይቱን ሶዲየም በአሞኒየም ናይትሬት ውሃ ደጋግሜ አስወጣሁ። ከዚያ በ550 ዲግሪ ተኩሼ አሲዳማ አደረግኩት። ዘይቱን ከዜኦላይቱና ከውሃ ጋር በተዘጋ ሪአክተር በ250 ዲግሪ 24 ሰዓት አቆየሁት። ሲወጣ ደስ ይላል! ከዘንጉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። በሦስተኛው ቀን ግን በዚህ በድሬ ሙቀት እንኳ እንደ ማር ይጎተታል። ሁልጊዜ የምለካው በ50 ዲግሪ ስለሆነ የልኬት ስህተት አይመስለኝም።

ዜኦላይቱ ከሰል መስሎ ነው የሚወጣው። ቀዳዳው 0.74 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ትልልቆቹ አስፋልቲኖች (የዘይቱ ከባድ ሞለኪውሎች) አይገቡበትም። ከላይ ከስለው አፉን ደፍነውት ይሆን? የተሰበሩት ሞለኪውሎችስ ሃይድሮጅን አጥተው መልሰው እየተያያዙ ይሆን? ቴትራሊን የሚባለው ፈሳሽ ሃይድሮጅን ይሰጥ ነበር፤ ግን የከተማውን ኬሚካል ሻጮች ሁሉ አዳርሼ አጣሁት።

በምን ልተካው? ቀዳዳውን በኮስቲክ ሶዳ ማስፋትስ ያዋጣል? ክሪስታሉ እንዳይፈርስብኝ ፈርቻለሁ። የሞከራችሁ እባካችሁ ቶሎ ጻፉልኝ፤ የቀረኝ ዜኦላይት ለአንድ ዙር ብቻ ነው።